ቅድሚያ ክፍያው ሞላ፤ የስም ማዛወሪያውስ?

አዲስ አበባ መሃል፣ ልደታም ሆነ ጎተራ፣ ቤት ልግዛ የሚል ሰው ሁለት ኪስ ያስፈልገዋል። አንዱ የቅድሚያ ክፍያው ነው፤ ይሄኛውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ዓመታት ይቆጥብለታል። ሁለተኛው የስም ማዛወሪያው፣ የቴምብሩ፣ የደላላውና የኢንሹራንሱ ነው። እሱ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለው ውልና ማስረጃ ለመሄድ ሦስት ቀን ሲቀር ነው። ባንክ ለሁለተኛው ኪስ አያበድርም፤ ቀብድ የሚበላውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በስልክ "ለዳውን ፔይመንቱ እርዳታ አገኘን" ሲሉ እዚህ ያለው ሰው ይቀናል። እዚያ በመንግሥት ዋስትና በሚሰጠው የኤፍኤችኤ ብድር፣ ክሬዲት ስኮሩ (የብድር አከፋፈል ታሪኩ ነጥብ) 580ና ከዚያ በላይ የሆነ ገዢ በ3.5 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይገባል። ያንንም ቢሆን የየስቴቱ የቤቶች ኤጀንሲ በሁለተኛ ብድር ሊሸፍንለት ይችላል። ይህ ሁለተኛ ብድር ብዙ ጊዜ ወለድ የለውም፤ እንደ ፕሮግራሙ ገዢው ቤቱ ውስጥ የተወሰነ ዓመት ከኖረ ይሰረዝለታል፣ ወይም ቤቱ ሲሸጥ ይከፈላል። የመዝጊያ ወጪያቸውም፣ ማለትም የእነሱ ሁለተኛ ኪስ፣ ከ2 እስከ 5 በመቶ ሲሆን፣ በኤፍኤችኤ ሻጩ እስከ 6 በመቶ ሊያግዝ ይፈቀድለታል። እዚህ ማመልከቻ ሞልቶ የሚገባበት እንዲህ ያለ መስኮት የለም። እገዛው አለ፤ ግን እቁብ ውስጥ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ቤተሰብ ውስጥ ተበታትኖ ነው ያለው፣ እያንዳንዱም የራሱ ማሰሪያ ሁኔታ አለው።

ለመንግሥት እገዛ ቅርብ የሆነው ኮንዶሚኒየሙ ነው፦ 10/90፣ 20/80 እና 40/60። የመጀመሪያው ቁጥር የቆጣቢው ድርሻ ነው፣ ሁለተኛው የባንክ ብድር። የሚገርመው፣ 40/60 ላይ ቁጥሩ እንደዚያ ይበል እንጂ፣ በ2009 ዓ.ም የሰንጋ ተራና የክራውን 972 ቤቶች ለዕጣ ሲቀርቡ የቀደሙት 100 በመቶ የከፈሉት ናቸው። 20/80 ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። በ2005 ዓ.ም ሲመዘገብ በተነገረው ዋጋ ልክ 20 በመቶ የሞላለት ሰው፣ ዕጣ ሲወጣለት የቤቱ ዋጋ ተከልሶ ይጠብቀዋል። ያጠራቀመው የአዲሱ ዋጋ 20 በመቶ አይሆንም፤ ልዩነቱን በማስታወቂያው በተቆረጠው ቀን ውስጥ ማግኘት አለበት። ዕጣ ጠባቂ ከሆናችሁ ቁጠባው "ሞልቷል" ተብሎ አይቆምም።

አሁን ከግለሰብ በባንክ ብድር ወደሚገዛው እንምጣ፤ ሒሳቡ የሚበላሸው እዚህ ነው። ቤቱ 4,000,000 ብር ነው እንበል፣ ባንኩም 70 በመቶ ያበድራል። ገዢው 30 በመቶውን፣ 1,200,000 ብር ይዞ ይነሳል። ነገር ግን ባንኩ 70 በመቶ የሚያበድረው ሻጭና ደላላ በተስማሙበት ዋጋ ላይ አይደለም፤ የራሱ መሐንዲስ በገመተው ላይ ነው። መሐንዲሱ 3,200,000 ብሎ ከገመተ ብድሩ 2,240,000 ብር ይሆናል። ከኪስ የሚወጣው ያኔ 1,760,000 ብር ነው። አንድ ወረቀት 560,000 ብር ጨመረ ማለት ነው። የመሃል ከተማ ዋጋ በቦታው ይሰቀላል፣ የመሐንዲሱ ግምት ደግሞ በግንባታው ላይ ያተኩራል፤ ስለዚህ ወደ መሃል በቀረባችሁ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል ብላችሁ ጠብቁ። መፍትሔው አንድ ነው፦ ከቀብድ በፊት ግምት። የግምቱ ክፍያ ቤቱ ሳይገዛ ቢቀር አይመለስላችሁም፣ ግን ከተበላ ቀብድ ይረክሳል።

ሁለተኛው ኪስ በዚሁ ቤት ላይ ይህን ይመስላል። የስም ማዛወሪያው፣ በድሮ ስሙ አሹራ፣ አዲስ አበባ ላይ 4 በመቶ ነው፦ 160,000 ብር። በቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 የባለቤትነት ሰነድ 2 በመቶ ነው፦ 80,000። የመያዣ ሰነዱ በዚያው አዋጅ 1 በመቶ ስለሆነ በ2,240,000 ላይ 22,400 ይመጣል። ደላላ በአብዛኛው ከእያንዳንዱ ወገን 2 በመቶ ይጠይቃል፦ 80,000 (ቤት ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩበት፤ ካያችሁ በኋላ ዋጋው እሱ ያለው ነው)። ድምሩ 342,400 ብር ነው፣ የግምቱ፣ የውልና ማስረጃው የአገልግሎት ክፍያና ባንኩ በስሙ እንዲገባለት የሚጠይቀው የእሳት ኢንሹራንስ ሳይቆጠር። ከ1,760,000 ጋር ደምሩት፦ 2,102,400። "30 በመቶ" ተብሎ የተጀመረው የቤቱን ግማሽ አለፈ።

ውሉ ላይ ጣታችሁን የምታሳርፉበት አንድ ሐረግ አለ፦ "ከስም ማዛወሪያ ጋር የተያያዘ ማናቸውንም ወጪ በሙሉ ገዢ ይሸፍናል።" ደላላው ረቂቁን ሲያነብ በፍጥነት ያልፋታል። "በሙሉ" የምትለዋ ቃል የሻጩን ግብርም ትውጣለች። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጥ በተገኘው ጥቅም ላይ የተጣለው 15 በመቶ (የካፒታል ዕድገት ታክስ) የሻጭ ዕዳ ነው። ሻጩ ቤቱን በ1,000,000 ብር አግኝቶ በ4,000,000 ከሸጠ፣ ማስተካከያና ወጪ ሳይቀነስ፣ ጥቅሙ 3,000,000፣ ግብሩም 450,000 ብር ነው። ይህ ቅድም ከደመርነው ሁለተኛ ኪስ ይበልጣል። ሐረጉን "አሹራና ቴምብር በገዢ፣ የካፒታል ዕድገት ታክስ በሻጭ" ብላችሁ አስተካክሉት። ሻጩ "እኔን ግብሩ አይመለከተኝም" ካለ ቃሉን ሳይሆን ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ያመጣውን ወረቀት ተመልከቱ።

ውል ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ለሁለተኛው ኪስ መድኃኒት የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ክፍለ ከተማው የራሱ ግምት አለው፣ የውሉ ዋጋ ካነሰ በግምቱ ያስከፍላል። ባንኩም ከውሉ ዋጋ አልፎ አያበድርም። ነገር ተበላሽቶ ፍርድ ቤት ብትሄዱ የምትጠይቁት የተጻፈውን ነው። ነገ እናንተ ስትሸጡ ደግሞ የግዢ ዋጋችሁ ያው ትንሹ ስለሆነ ግብሩ በእናንተ ላይ ይወፍራል።

እንግዲህ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? እቁብ ለሁለተኛው ኪስ ተስማሚ ነው፤ ለመጀመሪያው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዳኛውንና ጸሐፊውን አስቀድሞ አነጋግሮ ዕጣ መግዛት ወይም ከደረሰው ሰው ጋር መለዋወጥ የተለመደ ነው፣ ዋስ ግን ይጠየቃል። ችግሩ ዕጣው ከወጣ በኋላ የሚቀረው መዋጮ ነው። የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ ሲጀምር የእቁቡ መዋጮ ገና አላለቀም፤ ባንኩ የገቢያችሁን ስሌት ሲሠራ እቁቡን አያየውም፣ እናንተ ግን ታዩታላችሁ። የሁለቱን ድምር ከደመወዙ ጋር ወረቀት ላይ ሳታስቀምጡ አትነሱ።

የመሥሪያ ቤት ብድር ዋጋው ርካሽ ነው፣ በተለይ ባንክ ውስጥ ለሚሠራ። አስቀድማችሁ አንብቡ የምንለው ሥራ ስትለቁ ምን ይሆናል የሚለውን አንቀጽ ነው። ብዙ ጊዜ ወለዱ ወደ ገበያው ይመለሳል ወይም ቀሪው ዕዳ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ ቤቱ ሠራተኛውን ያስራል። ከደመወዝ የሚቆረጥ ብድር ከሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ለቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ለፍሪጅ፣ ለሌላም እየተቆረጠባችሁ ከሆነ ለቤቱ የቀረው ቦታ ትንሽ ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ራሱ ጥሩ ምንጭ ነው፤ ነገር ግን የሚያበድረው በቆጠባችሁት ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ ቤቱን ካገኛችሁ በኋላ አባል ለመሆን መሮጥ ጥቅም የለውም።

የቤተሰብ ገንዘብ ደግሞ በይሉኝታ ሳይጻፍ ይቀራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። አጎት ሚሊዮን ሲሰጥ "ብድር ነው ወይስ ስጦታ?" ማለት ቢከብድም አንድ ገጽ ወረቀት ጠብ ያድናል። ስጦታው ከባልና ሚስት ለአንዱ ከሆነ ሌላ ነገር አለ፦ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ስጦታ የግል ነው፣ በዚያ ገንዘብ የተገዛው ቤት ግን የግል ነው ተብሎ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ የጋራ ይሆናል። አባት ለልጃቸው ብቻ ብለው ከሰጡ ይህን ቀድመው ይወቁት።

ቀብድ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው፦ የተለየ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ቢተው ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ በብድር የሚገዛ ሰው ቀብዱን አሳንሶ፣ "ባንኩ ብድሩን ካልፈቀደ ወይም ከዚህ መጠን በታች ከፈቀደ ቀብዱ ለገዢ ይመለሳል" የሚል መስመር ያስገባ። ሻጩ ይህን እምቢ ካለ ያለ ብድር፣ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ እየጠበቀ ነው፤ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ከቀብዱ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። ከክፍለ ከተማው የዕዳና ዕገዳ ማጣሪያ ጠይቁ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የሁለቱ ፊርማ፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ያልፈረመው የትዳር ጓደኛ ውሉን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ሊያፈርሰው ይችላል። አራዳና ቂርቆስ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የቦታውን ፕላን ጠይቁ፤ ፒያሳና ካዛንችስ በኮሪደር ልማቱ ምን ያህል እንደተቀየሩ ያየ ሰው ይህን አይዘልም። ነባር ይዞታ ያለው የመሬት ቤት በሽያጭ ሲተላለፍ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ወደ ሊዝ ስለሚገባ፣ የሊዙ ክፍያም በወጪው ላይ ይታሰብ።

ኮንዶሚኒየሙ የንግድ ባንክ ዕዳ ያለበት ከሆነ፣ በተግባር የእናንተ ቅድሚያ ክፍያ ነው ዕዳውን የሚዘጋው። ለሻጩ በእጁ አትስጡት። በቀጥታ የብድር ሒሳቡ ላይ አስገብታችሁ ደረሰኙን ያዙ፣ ባንኩ የዕዳ ነጻ ደብዳቤውን እስኪሰጥና ዕገዳው ክፍለ ከተማ ላይ እስኪነሳ ቀሪውን አትልቀቁ። ከመሸጥ የተከለከለበት 5 ዓመት ያልሞላውን ቤት በውክልና የሚሸጡ አሉ። ውክልና ይሻራል፣ ወካዩ ሲሞትም ይቋረጣል፣ ባንክም አያበድርበትም። ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው።

የፊርማው ቀን ሁሉም የሚጨነቅበት ማን ይቅደም የሚለው ነው። ሻጩ ሳይከፈለው ስሙን አያዛውርም፣ ባንኩ ስሙ ዞሮ መያዣው ሳይመዘገብ ብሩን አይለቅም። መሃል ላይ የሚቆመው የባንኩ ደብዳቤ ነው፤ መያዣው በተመዘገበ ጊዜ ይህን ያህል ብር ለሻጩ እከፍላለሁ የሚል። ሻጩን ባንኩ ድረስ ወስዳችሁ ደብዳቤውን ከብድር ሠራተኛው አፍ አስረዱት። የእናንተ ድርሻ በባንክ ዝውውር ወይም በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) ይሁን። አሹራና ቴምብሩ የሚከፈለው ከዚህ መሃል ስለሆነ ያ ገንዘብ ለብቻው፣ በሌላ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ከቅድሚያ ክፍያው ጋር ከተቀላቀለ ሻጩ "ትንሽ ጨምሩልኝ" ባለ ጊዜ ይሄዳል። ቁልፍ ስትረከቡ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ የብሎኩ ማኅበር ያልተከፈለ መዋጮ እንደሌለ ይጻፍላችሁ፤ አሳንሰር ባለበት ሕንጻ ይህ ውዝፍ ትንሽ አይደለም።