መብራት ጠፍቷል ብለህ ሽቦ አትንካ

የቤት ኤሌክትሪክ ሥራ የጀመርኩት ደብረ ማርቆስ ነው። በኋላ ደንበጫም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ቡሬም ሥራ በተገኘበት ሁሉ ሄጃለሁ። ሙያውን ያሳየኝ ሰው ብዙ ማውራት አይወድም ነበር። ስለዚህ አብዛኛውን የተማርኩት ሌላ ሰው ሠርቶት የሄደውን ስፈታ ነው። የሰው ሥራ ስትፈታ ሰውዬው የት ላይ እንደቸኮለ፣ የት ላይ ሽቦ እንዳለቀበት ቁልጭ ብሎ ይታይሃል።

በጣም ከሚያስፈራኝ ልጀምር። መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሠራተኛ ብዙ ነው። "ሄደልን፣ ቶሎ ቶሎ እንበል" ይልና ብሬከሩን ሳያወርድ ካቻቢቴውን ይዞ ይገባል። መብራቱ መቼ እንደሚመለስ ግን ማንም አያውቅም። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ቡሬ ላይ መሰላል ላይ ወጥቶ ጣሪያ ሥር ሽቦ ሲያያይዝ መብራት መጣ። ንዝረቱ ለቅጽበት ነው የያዘው፤ የጎዳው አወዳደቁ ነው። እጁ ተሰብሮ ክረምቱን ቤት ዋለ።

ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ሆኖም ሽቦው ኃይል ሊኖረው ይችላል። ጎረቤት ሱቅ ጄኔሬተር ያስነሳል እንበል። ባለሱቁ ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ከመስመር ወደ ጄኔሬተር የሚያዛውር ማጥፊያ፣ አላስገባም፤ በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ አሠርቶ ሶኬት ላይ ሰክቶታል። ዋናውን ማጥፊያ ካላወረደ ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ ውጭ መስመር ይወጣል። ወደ ትራንስፎርመሩ ከደረሰ ደግሞ እዚያ እንደገና ከፍ ብሎ ወደ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልቱ መስመር ይገባል። ምሰሶ ላይ ያለው ሰው ጠፍቷል ብሎ ነው የወጣው። እንዲህ ዓይነት ገመድ ሥሩልኝ ያለኝን ሰው ሁሉ እምቢ ብያለሁ፤ አንዳንዱ ተቆጥቶ ሌላ ሰው ጠርቷል።

እኔ መብራት ኖረም ጠፋም ዋናውን አወርዳለሁ፣ በናስትሮ አስረዋለሁ፣ የቤቱን ሰው ጠርቼ አሳያለሁ። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ አንድ ሰው እዚያው አስቀምጣለሁ፤ ቴሌቪዥን ያማረው ልጅ ሮጦ ብሬከር እንደሚያነሳ የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ከዚያ መለኪያዬን ኃይል ባለው ነገር ላይ እሞክረዋለሁ፣ የምሠራበትን ሽቦ እለካለሁ፣ መጨረሻ ላይ መልሼ ኃይል ባለው ላይ እሞክረዋለሁ። መብራት ጠፍቶ ሌላ መሞከሪያ ከሌለ ባትሪም ቢሆን ለክቼ መሥራቱን አያለሁ። በመሀል የሞተ መለኪያ ሁሉንም ነገር "የለም" ይልሃል።

መለኪያ ካነሳን ማርቆስ የገጠመኝን ልንገራችሁ። እንጀራ የሚሸጡ አንድ እትዬ ደወሉልኝ። ግቢያቸው ውስጥ ተከራዮች አሉ፣ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣ ሦስት ሽቦ፣ ገብቶላቸዋል። "ልጄ፣ ምጣዴ አልግል ብሎኛል። ተከራዮቹ ደግሞ ቴሌቪዥናችን ተቃጠለ እያሉ ይጮሁብኛል። ምን ጉድ ነው?" አሉኝ። ከእኔ በፊት የመጣው ሠራተኛ ኃይል በዝቶ ነው፣ ስታቢላይዘር ይግዙ ብሏቸው ሄዷል።

ስንገባ የተከራዮቹ አምፖል ዓይን ያጠፋል። ረዳቴ ቴስተሩን፣ ኃይል ሲነካ የሚበራውን ካቻቢቴ፣ ሶኬት ውስጥ ከተተ። በአንዱ ቀዳዳ በራ፣ በሌላውም በራ። "ጋሼ፣ ሁለት ፌዝ ነው የገባበት!" አለ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ይመስላል። ነገር ግን ኒውትራሉ፣ ማለትም ኃይሉ የሚመለስበት ሽቦ፣ ከላይ ተበጥሶ እዚያው ክፍል የተሰካ ዕቃ ካለ፣ ፌዙ በዕቃው ውስጥ አልፎ በኒውትራሉ በኩል ይመለሳል፤ ቴስተሩ ሁለቱም ላይ የሚበራው ለዚህ ነው። ረዳቴን "ምጣዱ በርቶ እንዳለ ለካው" አልኩት። በምጣዱ መስመር ከ100 ቮልት በታች አገኘ፣ በተከራዮቹ ክፍል 300 አልፏል። ሦስት ፌዝ ባለበት ቤት ኒውትራሉ ሲሄድ የሚሆነው ይኸው ነው። በሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት አለ፣ ያንን የተለያየ ክፍል ዕቃዎች ይከፋፈሉታል። ብዙ የሚበላው ምጣድ ጥቂት ቮልት ይደርሰዋል፣ ትንሽ የሚበላው ቴሌቪዥን የቀረውን ይሸከማል። እሱ ደግሞ ለ220 የተሠራ ነው።

ዋናውን አውርደን ከቆጣሪው ጀምሮ ተከተልነው። ከቆጣሪው በፊት ያለውን እኔ አልነካም፣ ያ የእኛ ሥራ አይደለም። ከቆጣሪው እስከ ማከፋፈያው ግን አንድ ሰው ትራፊ የአልሙኒየም ገመድ ስቦ ከመዳብ ሽቦ ጋር ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሎታል፤ ያውም ዝናብ በሚመታው ቆርቆሮ ሥር። ናስትሮው ቀልጦ ተጣብቋል፣ በቢላ ፋቅሁት። ከሥሩ ነጭ ዱቄት ወጣ። አልሙኒየሙ ተበልቶ ቀጥኗል፣ መዳቡ ጠቁሯል። በፒንሳ ያዝ ሳደርገው እጄ ላይ ቀረ። አልሙኒየም አየር ሲነካው ኃይል የማያሳልፍ ሽፋን ያወጣል፣ ሲግል ከመዳብ የበለጠ ይለጠጣል፣ እርጥበት ሲጨመርበት ይበላል። የሁለቱ መገናኛ ይላላል፣ የላላ ይግላል፣ የጋለ ደግሞ የባሰ ይላላል። ለሁለቱ ተብሎ የተሠራ ክላምፕ አለ፣ ዋጋው ከአንድ ቴሌቪዥን ጋር አይወዳደርም። እኔ ግን አልሙኒየሙን ጨርሼ አውጥቼ በመዳብ ቀየርኩት። እዚያው ማከፋፈያ ውስጥ ኒውትራሉ ላይ ለብቻው ፊውዝ ገብቶ አገኘሁ፤ እሱንም አወጣሁት። የኒውትራሉ ፊውዝ ብቻውን ቢቃጠል ያው ጉድ ይመለሳል።

ምጣድ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። 3500 ዋት አካባቢ የሚበላ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይጎትታል። የአንድ ሶኬት አቅም እዚያው ላይ አለቀ ማለት ነው። ጋጋሪዋ ደግሞ ለአምስት ደቂቃ አይደለም የምትጋግረው፣ ሊጡ እስኪያልቅ ነው። ብሬከሩ ይወርዳል። ሠራተኛ ይጠራል፣ 16ቱን አውጥቶ 32 ያስገባና ተመርቆ ይሄዳል! ብሬከሩ ከዚያ በኋላ አይወርድም፣ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ፊውዝ ያለው ቤት ከሆነ ከገመድ ክር መዝዘው ይጠመጥሙበታል። ዲቫይደር ላይ ምጣድ ከነ ማቀዝቀዣው የሰካም አይቻለሁ፣ ስፒናው ቡናማ ሆኖ ሸትቷል። እኔ ለምጣድ 4 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ለብቻው ከማከፋፈያው አመጣለሁ፣ 25 ብሬከር አስገባለሁ። ሽቦው ውድ ነው ብለው ይከራከሩኛል። በዚህ ላይ አልደራደርም።

"ምጣዱ ይነዝረኛል" የሚሉም ብዙ ናቸው። ባዶ እግር፣ እርጥብ ወለል፣ ውሃ የነካው እጅ። ሲፈታ ወይ የኧርዙ ሽቦ፣ የምጣዱን አካል ከመሬት የሚያገናኘው፣ ተቆርጦ ተጥሏል፣ ወይ ሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራሉ ጋር ታስሯል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ከላይ እንዳልኩት ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን የምጣዱ አካል ራሱ ፌዝ ይሆናል። ድሮ ኧርዙን በውሃ ቧንቧ ላይ ማሰር ልማድ ነበር። አሁን ቧንቧው ፕላስቲክ ነው፣ ማሰሩ ግን አልቀረም።

የኧርዝ ዘንግ ስትቀብር ደግሞ ወሩን እይ። በነሐሴ የጎጃም መሬት ጠግቦ ስለሚሆን ምንም ብትቀብር ልኬቱ ያምራል። በሚያዝያ ያው መሬት ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ልኬቱም አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ ጠለቅ አድርጌ እቀብራለሁ፣ ካልበቃ ሁለተኛ ዘንግ ራቅ አድርጌ እጨምራለሁ። በክረምት የሠራሁትን ቤት በበጋ ተመልሼ እለካዋለሁ፤ ለዚህ ገንዘብ አልጠይቅም፣ ቡና ከተፈላ ግን አልሄድም።