ኢየሉጣም ፈርታ ነበር

ሐምሌ 19 ሲቃረብ ድሬዳዋ ውስጥ ወሬው ሁሉ ቁልቢ ይሆናል። ማን በእግሩ ይወጣል፣ ሚኒባሱ ስንት ገባ፣ እነ እከሌ ተስለው ያገኙትን ልጅ ክርስትና ሊያስነሱ ነው... ጋቢ ሳይዝ የደንገጎን ዳገት የወጣ የድሬ ልጅ ብርዱ ምን እንደሚያደርገው ደግሞ የሄደ ያውቀዋል። ግን ከተጓዡ አንዱን ያዙና የዕለቱ ታሪክ የማን እንደሆነ ጠይቁት። «የገብርኤል ነዋ!» ይላችኋል። ልክ ነው። መልአኩ ግን የወረደው ለማን ነበር?

ለአንዲት እናትና ለሦስት ዓመት ልጇ ነው። ኢየሉጣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ አገሯ ኢቆንዮን፣ የዛሬዋ ቱርክ ውስጥ ያለችው ኮንያ። በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሮሙ ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ክርስቲያኖችን ሲያሳድድ ሕፃኑን ቂርቆስን ይዛ ሸሸች። መሸሿን ልብ በሉልኝ። ሰማዕትነት ፍለጋ አይደለም የወጣችው፣ ልጇን ልታተርፍ ነው። የጳውሎስ አገር ጠርሴስ ደርሳ እዚያ እስክንድሮስ የሚባል ገዥ እጅ ወደቀች።

የእኛ ስንክሳር (የቅዱሳን ታሪክ በየዕለቱ የሚነበብበት መጽሐፍ) እንደሚለው ገዥው በትልቅ ጋን ውኃ አስፈላ፤ የፍላቱ ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ከሩቅ ይሰማ ነበር። እናትየው ይህን ስትሰማ ፈራች፣ ልቧ ወደ ኋላ አለ። ያጸናት ያ ትንሽ ልጅ ነው፤ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከባቢሎን እሳት ያወጣ አምላክ እኛንም ያወጣናል አላት። ገብርኤልም መጥቶ የፈላውን አቀዘቀዘው። የሦስቱ ወጣቶች በዓል ደግሞ ታኅሣሥ 19 ነው፤ ሁለቱ የቁልቢ ንግሦች በዚህ ሕፃን አፍ ተገናኙ ማለት ነው፣ ይሄ ነገር ሁሌም ደስ ይለኛል።

አንዳንድ ሰባኪ ግን ፍርሃቷን ዘሎ ቀጥታ ተአምሩ ላይ ይገባል። ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ልጇን አዝላ፣ ድንጋይ ተሸክማ ዳገቱን የምትወጣ ሴት እኮ ከሁሉም በላይ የምትፈልገው ይህንኑ ክፍል ነው።

ሌላው የምንዘለው መጨረሻውን ነው። እናትና ልጅ ከጋኑ ወጥተው በሰላም አልኖሩም፤ በኋላ ተገድለዋል፣ ጥር 15 የቂርቆስ በዓል የሚከበረውም ለዚህ ነው። ምዕራባውያኑ ዘንድ ታሪኩ ይበልጥ መራራ ነው፤ ገዥው ሕፃኑን ደረጃ ላይ ወርውሮ ገደለው ይላሉ። እንደዚያም ሆኖ ሕፃኑ ያልደረሰበት አገር የለም ማለት ይቻላል። ባቡሩን ያመጡልን ፈረንሳዮች ሴን ሲር ይሉታል፤ ስመ ጥሩው የጦር ትምህርት ቤታቸው የሚጠራው በእሱ ስም በተሰየመች ከተማ ነው (ለሦስት ዓመት ሕፃን የጦር ትምህርት ቤት፣ ምን ይባላል!)። እኛ ጋ ጣና ላይ ደሴት አለው፣ አዲስ አበባ ላይ ክፍለ ከተማ።

እውነቱን ለመናገር እኔን የሚይዙኝ እንዲህ ሰው ሰው የሚሸቱ ገድሎች ናቸው። ሙሴ ጸሊምን ተመልከቱ። ግብፅ ውስጥ ያስፈራ የነበረ ሽፍታ፣ በኋላ በአስቄጥስ በረሃ መነኮሰ። አንድ ቀን መነኮሳቱ በአንድ ጥፋተኛ ወንድም ላይ ሊፈርዱ ተሰብስበው ሲጠሩት፣ ቀዳዳ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምንድነው ይሄ ሲሉት፣ የእኔ ኃጢአት ከኋላዬ ይፈሳል፣ እኔ አላየውም፣ በሌላው ልፈርድ ግን መጣሁ አላቸው። ሰውየውን ማሩት። ሽፍታ ያልነበረ መነኩሴ ይህን ያስበው ነበር? እኔ እንጃ፣ አይመስለኝም።

የዘንድሮ ተጓዦች፣ ስንክሳሩ በአማርኛም ታትሟልና ከመነሳታችሁ በፊት የሐምሌ 19ን ንባብ አንድ ጊዜ እዩት። ረጅም አይደለም። ልጆች ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ የሕፃኑን ነገር መንገድ ላይ ንገሯቸው፣ እስከ ጥር 15ቱ ድረስ። «ከዚያስ?» ማለታቸው አይቀርም።