ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት

8 ሰዓት ላይ ስብሰባ ውስጥ የሚመጣ አንድ ድብርት አለ። ኀዘን አይሉት፣ ድካም አይሉት። የኮዬ ፈጬ አቧራ መስኮቱን አዘግቶ፣ የአዳራሹ ቆርቆሮ ከላይ እየጋለ፣ አንዱ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲያነብ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል። ዛሬ ያ ስሜት ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

እንዲህ ሲሆን ሰብሳቢዎቻችን የሚያውቁት መድኃኒት አንድ ነው፦ «እስቲ ሁላችንም ተነስተን እናጨብጭብ!» ይሁን፣ ደም ያንቀሳቅሳል። ግን አሥር ደቂቃ አይዘልቅም፤ ከረባት ያሰሩት ጋሼዎች ደግሞ በግድ ሲያጨበጭቡ ማየት በራሱ ያስጨንቃል።

መጀመሪያ መስተካከል ያለበት አየሩ ነው። ሠላሳ ሰው የተነፈሰበት ዝግ ክፍል ውስጥ ማንም አይነቃም። በሁለት በኩል ፊት ለፊት ያሉ መስኮቶችን አምስት ደቂቃ መክፈት፣ ያውም ሰው ወጣ ባለበት ሰዓት፤ አለዚያ ዳር የተቀመጠው አቧራውን ሸሽቶ መልሶ ይዘጋዋል። ምሳው ላይ ማላከክም ብዙ አያዋጣም። ሽሮም ተበላ ጥብስ፣ ሰውነት ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ባዶ ሆድም ቢሆን ዝቅ ይላል። ስለዚህ የሚደመጥ ነገር ጠዋት፣ እጅ የሚያስነሳ ሥራ ከሰዓት። ቡናውም ምሳ እንዳለቀ ይቅረብ፤ ኃይሉ እስኪሰማ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 9 ሰዓት ተኩል ላይ የሚቀርበው ቡና የሚያነቃን የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ነው። ስለ ሰልፉ ካነሳን፣ መውጫ ሰዓቱ ጠዋት ተነግሮ ካልተከበረ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ የቀረው ሰውነት ብቻ ነው፤ ልብ ተሰልፏል። ስልክ መሰብሰብ ደግሞ አይሠራም። ልጁ ትምህርት ቤት ያለ ሰው ከስልኩ ሲለይ ይብስበታል። ስልክ የሚነካበት አምስት ደቂቃ አስቀድሞ መናገር ይሻላል።

ዋናው ገዳይ ግን «እስቲ ተወያዩበት» የምትለዋ ናት። ምን ይዘን እንውጣ? እስከ ስንት ሰዓት? «እስከ 9 ሰዓት ከሩብ ሦስት ችግር ምረጡ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ የሚሠራውን ሰው ስም ጻፉ» ሲባል ግን ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል። በቡድን ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሰው፤ ስድስት ከሆኑ ሁለቱ ይደበቃሉ። የመጀመሪያዋን ሁለት ደቂቃ ማንም ሳይናገር ለየብቻ ይጻፍ፤ ያ ካልሆነ ቀድሞ የተናገረው ሰው ሐሳብ የሁሉም ይሆናል። ማርከሩን ከጠዋት ጀምሮ ድምፁ ያልተሰማው ይያዝ። (የደረቀ ማርከር ስንቱን ቡድን እንደገደለ! አስቀድሞ መሞከር ነው።) ሲያልቅ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ሰው እየዞረ ያንብብ። ቡድን በቡድን እየወጣ ላቅርብ ካለ እንቅልፉ ተመልሶ ይመጣል። አለቃ በየቡድኑ እየዞረ መልሱን ከተናገረም አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው የሱ ሐሳብ ነው።

ማክሲሚሊያን ሪንገልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ በ1913 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነገር አለ። ሰዎች ገመድ ሲጎትቱ ቁጥራቸው በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ኃይል ይቀንሳል፤ ስምንት ሲሆኑ አንዱ ሰው ለብቻው ሲሆን ከሚያወጣው ግማሽ ያህሉን ነው የሚያወጣው። እሱ በዋናነት ምክንያት ያደረገው ስንፍናን አይደለም፤ በአንድ ጊዜ እኩል አለመሳባቸውን ነው።

ደቦ ትዝ አለኝ። አውራጁ ዘፈኑን ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ማጭዱም ከዜማው ጋር ይሄዳል፤ እኩል የመሳቡ ነገር እዚያው አለቀ። አውራጁ ደግሞ ጎበዙን በስሙ ያወድሳል፣ ወደኋላ የቀረውን ይሸነቁጠዋል። ስሙ በዘፈን የሚጠራ ሰው የት ይደበቃል? የቀረው ማሳም በዓይን ይታያል፤ ምን ያህል እንደቀረ ለመንገር ፕሮጀክተር አያስፈልግም። ጠላው የሚመጣውም ክንድ መዛል ሲጀምር ነው፣ ሰው ከደከመ በኋላ አይደለም። ይህን ሁሉ ያዘጋጀ ሰው ሥልጠና አልወሰደም።

ይኸው ስለ ስብሰባ ስል ጤፍ አጨዳ ውስጥ ገባሁ። ግን ነገሩ አለቀቀኝም። በደቦ ማሳው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በወንፈል ከሆነ ደግሞ ዛሬ ያንተን ያጨድኩ ሰው፣ ነገ የኔን እንደምታጭድልኝ አውቃለሁ። ያ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ሰው ተሰብስቦ የሚያንቀላፋበት ዕቅድ ግን የማን ማሳ ነው? ጠላ የጠመቀለትስ ማን ነው?