ዕጩው ፊት ለፊት ሲመጣ

ዛሬ አንድ የአካባቢ ምክር ቤት ዕጩ ሲቀሰቅስ የሰማ ሁሉ ጭብጨባውን ትቶ አንድ ነገር ይመዝን፦ ቃል የሚገባው ነገር በሚወዳደርበት ወንበር ሥልጣን ሥር ነው? የምክር ቤት አባል በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን አካል ይቆጣጠራል፤ አገራዊ ሕግ አያወጣም። ከሥልጣኑ ውጭ ቃል የሚገባ ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ያታልላል። ሁለቱም አያስመርጡም።

ጥያቄያችሁን ጠበብ አድርጉት። "ስለ መንገድ ምን አስበዋል?" ካላችሁ የምትሰሙት ንግግር ነው። "ገንዘቡ ከየትኛው በጀት ይወጣል? ለሱ ሲባል የትኛው ሥራ ይቀራል?" በሉ። እዚህ ላይ ብዙዎቹ ወሬ ይቀይራሉ፤ እናንተ ግን ድገሙት። መልሱን ወዲያው ጻፉና ያንኑ ጥያቄ፣ ቃሉ ሳይለወጥ፣ ለተፎካካሪውም አቅርቡ፤ አለዚያ የምታወዳድሩት ፈገግታ ብቻ ነው። ቀድሞ ተመርጦ ከነበረ፣ በቃለ ጉባኤ የሰፈረው ድምፁ ከአንደበቱ ይበልጥ ይታመናል።

በምርጫው ቀን ደግሞ፣ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ከተፈቀደው በላይ ምልክት ማድረግ ወይም ስም መጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ያበላሸዋል። ከተሳሳታችሁ ሳጥኑ ውስጥ ሳትከቱት የምርጫ አስፈጻሚውን ምትክ ወረቀት ጠይቁ።