ቁጥራቸው እኩል፣ ድምፃቸው ለየቅል

ሰላም ለሁላችሁም። ትናንት ማታ ሰባቱን ዘፈኖቼን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አከታትዬ ሰማኋቸው። የቮልዩም ቁልፉን አንዴም አልነካሁም። ለብዙዎቻችሁ ይሄ ተራ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ልፋት ነው። ዘፈኖቹ የተቀዱት በተለያየ ጊዜ ነው፣ ማይኩም አንድ አይደለም፤ አንዳንዱን ቆሜ፣ አንዳንዱን ቁጭ ብዬ ነው የዘፈንኩት። ከዚህ በፊት አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀምር ወይ ጆሮ ይበሳል፣ ወይ ደግሞ በሩ ከተዘጋ ክፍል የሚመጣ ይመስላል። አሁን ሁሉም በአንድ ቀን የተቀዱ ይመስላሉ። ደስታዬ ሳይበርድ ልጻፍላችሁ አልኩ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ቶሎ ልለፋቸው። ፌደሩን (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻውን) ከፍ ዝቅ እያደረግኩ በጆሮ ብቻ ለማመጣጠን ሞከርኩ። አንዱን ሳነሳው ሌላው ያነሰ ይመስለኛል፣ እሱንም አነሳዋለሁ፣ ከዚያ ደግሞ የመጀመሪያው ያንሳል። በመጨረሻ ሁሉም ጣሪያ ነክተው ማስተሩ (ሁሉም ትራክ ተደምሮ የሚወጣበት) ቀይ ያበራል። ቀጥሎ ኖርማላይዝ የሚባለውን ትዕዛዝ አገኘሁ። ፋይሎቹን ሁሉ መርጬ ፒካቸውን -1 ዴሲቤል ላይ አሰለፍኩት። ማዕበሎቹ ስክሪኑ ላይ እኩል ቁመት ያዙ፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ሳጫውታቸው ልዩነቱ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፒክ የሚነግራችሁ ማዕበሉ ከሁሉም በላይ የደረሰበትን አንዲት ቅጽበት ብቻ ነው። አንዲት ጠንካራ «ጰ» ማይኩን ከመታችው፣ የቅጂው ፒክ የእሷ ፒክ ነው። የቀረው ዘፈን በሹክሹክታ ቢሆን እንኳን ፒኩ አያውቀውም። ሁለት ሰዎችን በባርኔጣቸው ጫፍ ለክቶ ማን እንደሚረዝም እንደ መናገር ነው። ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፦ ፒክ ኖርማላይዝ ቅጂዎችን ለማመጣጠን አይሆንም። ድምፅ እንዳይሰበር ይጠብቅላችኋል፣ ሥራው እዚያ ያበቃል። አሁንም ለጀማሪ እንደ መጀመሪያ እርምጃ ሲመከር ባየሁ ቁጥር ያናድደኛል።

ከዚያ ሉፍስን ተማርኩ። ለማታውቁት ባጭሩ፣ ድምፁ ለጆሮ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ለመለካት የተሠራ መለኪያ ነው። መሠረቱ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የአለካክ ስልት ነው። ጆሯችን ወፍራሙን ድምፅ ደከም አድርጎ ስለሚሰማው መለኪያውም ዝቅተኛውን ድምፅ ይቀንስለታል፣ ቀጭኑን ትንሽ ያነሳዋል፣ ከዚያ ጉልበቱን በጊዜ ውስጥ ያማክለዋል። ሦስት ንባብ አለው፦ የ400 ሚሊሰከንድ፣ የ3 ሰከንድ እና የጠቅላላው ቅጂ። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች እ.ኤ.አ. በ2010 -23ን መስፈርታቸው አደረጉት። ስፖቲፋይ ደግሞ በተለመደው ቅንብሩ ዘፈኖችን ወደ -14 አካባቢ ያመጣቸዋል። እኔ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ዳዊት ደገምኳቸው። ሁሉንም የድምፅ ቅጂዎቼን ለክቼ -18 ላይ አስቀመጥኳቸው። እውነተኛው ጣጣ የጀመረው ያኔ ነው።

ነገሩ አራተኛው ዘፈን ላይ ነው። የመጀመሪያውን አንጓ የዘፈንኩት ዓምና ነው። ሁለተኛውን በቅርቡ፣ በዚያው ማይክ፣ እዚያው ቦታ ቆሜ ቀዳሁት። ሁለቱም -18 ናቸው። ሁለተኛው ግን ይጮኻል። ለስለስ ያለ ልዩነት አይደለም፤ ሙዚቃ የማይሠራ ሰው እንኳን «እዚህ ጋ ምነው ጮኸ?» የሚልበት ነው። እንደገና ለካሁ፣ -18። ሌላ መለኪያ ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አወረድኩ፣ -18። ሄድፎኔን ጠረጠርኩ። ጆሮዬን ጠረጠርኩ። አዲሱ ቅጂ ቀጭኑ ድምፅ በዝቶበት ይሆናል ብዬ ኢኩዌላይዘር አውጥቼ 3 ሺህ ኸርዝ አካባቢ መቀነስ ጀመርኩ። ድምፁ ደነዘዘ፣ ጩኸቱ ግን አልቀረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ዘፈን ጋር ስታገል ሌላ አንድ ነገር አልሠራሁም። አንድ ቀን ሌሊት በቃ ልሰርዘውና ሁሉንም እንደ አዲስ ልዝፈነው ብዬ ወሰንኩ።

ፋይሎቹን ልሰርዝ ጎን ለጎን ሳያቸው ነው ያስተዋልኩት። ዓምና የቀዳሁት ሁለት ማዕበል አለው፣ ላይና ታች፣ ቁርጥ አንድ ዓይነት። አዲሱ አንድ ማዕበል ብቻ ነው ያለው። አንዱ ስቴሪዮ (ግራና ቀኝ፣ ሁለት ቻናል)፣ ሌላው ሞኖ (አንድ ቻናል ብቻ)!

ይሄን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ነው። መለኪያው የየቻናሉን ጉልበት ይደምራል። ያው ድምፅ በግራም በቀኝም ካለ ድምሩ እጥፍ ይሆናል፣ የጉልበት እጥፍ ደግሞ 3 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ ያ ስቴሪዮ ፋይል በድምሩ -18 እንዲያሳይ እያንዳንዱ ጎኑ -21 ላይ መቀመጥ ነበረበት። ሞኖው ፋይል ግን ብቻውን -18 ነው። እኔ ፕሮጀክት ላይ ደግሞ ፓን ሎው የሚባለው ቅንብር ዜሮ ላይ ነበር። ይህ ማለት መሃል ላይ የተቀመጠ ሞኖ ምንም ሳይቀነስለት ለሁለቱም ስፒከር ይደርሳል። በአንዱ በኩል -21 እና -21፣ በሌላው -18 እና -18። ጆሮዬ ልክ ነበር። መለኪያውም ልክ ነበር። እኔ ነኝ ሁለት የተለያየ ነገር ለክቼ እኩል ናቸው ያልኩት።

ፓን ሎው -3 ላይ ቢሆን ኖሮ ሞኖው መሃል ላይ ያንኑ 3 ዴሲቤል ስለሚያጣ ነገሩ በአጋጣሚ ይገጥም ነበር፣ እኔም ምንም ሳልማር እቀር ነበር። ኦዳሲቲ የሚባለውን የድምፅ መቅጃና ማረሚያ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ደግሞ የላውድነስ ኖርማላይዜሽን መስኮት ላይ ሞኖን እንደ ሁለት ቻናል ቁጠር የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክቷን አታንሱባት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፋይልን ለብቻው መለካት አቁሜያለሁ። መለኪያውን ማስተር ላይ አስቀምጣለሁ፣ ትራኩን ሶሎ አደርጋለሁ (እሱ ብቻ እንዲሰማ)፣ አጫውታለሁ። ከማስተር የሚወጣው ጆሮዬ የሚሰማው ራሱ ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ አዎ። ፋይሉን መርጦ አንዴ ተጭኖ መገላገል ይቀላል። ግን ሁለት ሳምንቴን የበላው ያ አቋራጭ ነው።

3 ዴሲቤሉን ካስተካከልኩ በኋላ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። አንጓዎቹ በጥቅሉ ተመጣጠኑ፣ ስንኝ በስንኝ ሲሰሙ ግን አንዱ ይወጣል ሌላው ይሰምጣል። ይሄም የመለኪያው ጥፋት አይደለም። ጠቅላላው ንባብ አማካይ ነው፣ ያውም ጉልበት ያለው ክፍል የሚያመዝንበት አማካይ። ደግሞ ከአማካዩ 10 ዩኒት በታች የወረደውን ክፍል ከነጭራሹ አይቆጥረውም፤ በዝምታው ምክንያት ቁጥሩ እንዳይወርድ ተብሎ ነው። ስለዚህ ግማሹን በሹክሹክታ፣ ግማሹን በጩኸት የዘፈናችሁት አንጓ ቁጥሩ ባብዛኛው የጩኸቱ ቁጥር ነው። ሹክሹክታውን ማንም አልለካላችሁም። አዝማችን ከአዝማች፣ ለስላሳውን ከለስላሳው ጋር ማወዳደር ያስፈለገኝ ለዚህ ነው። ለዚያ የ3 ሰከንዱ ንባብ ከጠቅላላው ይሻላል፣ ስንኝ ስትዘፍኑ የሚፈጀው ጊዜ ብዙውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ነውና።

እዚህ ላይ ነው ክሊፕ ጌን የሚመጣው። ስሙ ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ይለያያል፣ ነገሩ አንድ ነው፦ የትራኩን ሳይሆን የዚያችን የተቆረጠች ቅጂ መጠን ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ። ዋናው ጥቅሙ ያለበት ቦታ ነው። ከፕለጊኖቹ በፊት ነው የሚሠራው። ፌደሩ ግን በተለመደው አሠራር ከፕለጊኖቹ በኋላ ነው። ይሄን ባለማወቄ ወራት አቃጥያለሁ። ኮምፕሬሰሩ (ከገደብ በላይ የወጣውን ድምፅ የሚጨምቀው ፕለጊን) መነሻ ገደቡ አንድ ነው፤ አንዱ ስንኝ 4 ዴሲቤል ከፍ ብሎ ከገባ አጥብቆ ይጨምቀዋል፣ ዝቅ ብሎ የገባውን አይነካውም። ከዚያ እኔ በፌደር አመጣጥናቸዋለሁ። መጠናቸው ይገጥማል፣ ጠባያቸው ግን አይገጥምም። አንዱ የታፈነ፣ ሌላው የተከፈተ። ይሄንን ደግሞ ስንት ጊዜ የማይክ ችግር ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ስለዚህ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ድምፁን ስንኝ በስንኝ እቆርጠዋለሁ፣ አንዳንዴ ቃል በቃል። ፕለጊኖቹን ሁሉ አጠፋለሁ። እያንዳንዱን ቁራጭ በክሊፕ ጌን አንድ ወይም ሁለት ዴሲቤል እያነሳሁና እያወረድኩ አስተካክላለሁ። ትንፋሽ ለብቻው ቆርጬ አወርደዋለሁ፣ ግን አልሰርዘውም፤ ትንፋሽ የሌለው ዘፈን ሰው የዘፈነው አይመስልም። ኮምፕሬሰሩን የምከፍተው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ሥራው ቀላል ይሆንለታል፣ ድምፁም አይታፈንም። ኮምፕሬሰር ራሱ ያመጣጥነዋል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ አልስማማም። ኮምፕሬሰር ለጠባይ ነው፣ ሚዛን በእጅ ነው።

ለአንድ ዘፈን ወደ ሁለት ሰዓት ይወስድብኛል። አሰልቺ ነው የሚለኝ ሰው አለ፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። የራስን ድምፅ እንደዚያ በዝርዝር መስማት የት ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥረኝ፣ የትኛውን ቃል እንደምውጥ አሳይቶኛል። ከዚያ ወዲህ ስቀዳም አስተካክዬ ነው የምቀዳው።

ጆሮን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ከፍ ብሎ የሚሰማው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ይሄ ከባድ ወጥመድ ነው። ፕለጊን ስታበሩ ድምፁ በ1 ዴሲቤል ከጨመረ «አሳመረው» ትላላችሁ። እኔ በዚህ ምክንያት ያልጠቀሙኝ ስንት ፕለጊኖች ትራኬ ላይ ተከምረው ኖረዋል። አሁን ማንኛውንም ነገር ከማወዳደሬ በፊት መጠኑን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ እያፈራረቅኩ እሰማለሁ። ስክሪኑን እያያችሁ ከሆነ የምትሰሙት ባይናችሁ ነው። ስፒከሩን ዝቅ ማድረግም ረድቶኛል፣ ሰው በመደበኛ ድምፅ ሲያወራ ከሚሰማው በታች። ፍሌቸርና ሙንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ወፍራሙን በይበልጥ ያጣዋል። ስለዚህ ቤዙ ገለል ይልና የዘፋኙ ድምፅ ራቁቱን ይቀራል። አንዷ ስንኝ ከሌላዋ ከፍ ካለች ያኔ ወዲያው ትታወቃለች።

ሰባቱን ዘፈኖች እርስ በርስ ሳመጣጥንም መጀመሪያ ሁሉንም -14 ላይ አድርጌ ነበር። ስህተት ነው። በጊታር ብቻ የተዘፈነችው አምስተኛዋ ዘፈን ከበሮ ካለበት ዘፈን ጋር አንድ ቁጥር ስትይዝ ዘፋኙ ጆሮ ውስጥ የገባ ይመስላል። ስለዚህ የሙሉውን ዘፈን ቁጥር ትቼ የዘፋኙን ድምፅ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር አመጣጠንኩ። አምስተኛዋ በቁጥር ከሌሎቹ 3 ያህል ዝቅ ብላ ቀረች፣ በጆሮ ግን ቦታዋ ላይ ናት። ስፖቲፋይም ቢሆን አልበሙ በተከታታይ ሲደመጥ በዘፈኖቹ መካከል ያለውን ልዩነት እንዳለ ይጠብቀዋል፣ ስለዚህ እዚያም አትጎዳም።

ያልተፈታልኝ አንድ ነገር አለ። ስድስተኛው ዘፈን ላይ አንዱን አዝማች ከማይኩ ራቅ ብዬ ነው የዘፈንኩት። መጠኑን በደንብ አስተካክዬዋለሁ፣ ማስተር ላይም ለክቼዋለሁ፣ ልክ ነው። ግን ክፍሉ አብሮ ይሰማል፣ ሳነሳው የግድግዳው ምላሽም አብሮ ይነሳል፣ ሌሎቹ አዝማቾች ደግሞ ቅርብና ደረቅ ናቸው። በደረቆቹ ላይ አጭር ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ የክፍል ማስተጋባት) ጨምሬ ላቀራርባቸው ሞከርኩ፣ ግማሽ መንገድ ያህል ሄደልኝ። እንደገና ሳትዘፍኑት እንዲህ ያለውን ያስተካከላችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ፣ እስከዚያ ፋይሉን አልሰርዘውም።