አይዞዎት ጋሼ፣ መድኃኒቱ ነው

ከቡአ ኦፕራሲዮን በኋላ እንዴት ቶሎ ተነሳህ ሲሉኝ፣ «ስቴሮይድ ሰጥተውኝ» ብዬ ለአዲስ አበባ ጓደኞቼ ጻፍኩ። አንዱ ወዲያው «በስተርጅና ጡንቻ ልታወጣ ነው?» አለ። ሌላው «አሜሪካ እኮ የሌለ መድኃኒት የለም» ብሎ አደነቀ። ኧረ ተዉኝ! የጡንቻው ሌላ ነው። የእኔው ዴክሳሜታሶን ነው። በፈረንጆቹ 2020 ለኮሮና ሕሙማን ሲሰጥ ስሙን የሰማችሁት፣ እዚያው አገር ቤትም ያለ ርካሽ መድኃኒት።

በደም ሥር አንዴ ይሰጡሃል። የተቆረጠው ቦታ ብዙ እንዳያብጥ ያደርጋል፣ ሕመሙም ቀለል ይላል። ከማደንዘዣ በኋላ የሚመጣውን ማስመለስም ይከላከላል። ሆዱ የተሰፋ ሰው ሲያስመልስ አስቡት።

ያን ቀን የማልረሳው ግን ሌላ ነው። ነርሷ የኛ ልጅ ናት። የምኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ (ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለች) ደግሞ ጠባብ ናት፣ እናቷን በቤተ ክርስቲያን አውቃቸዋለሁ። የማደንዘዣ ባለሙያው ገና ሳልተኛ መድኃኒቱን በጉሉኮሱ ቱቦ ገፋው። ወዲያው እዚያ፣ ጭኔ መካከል፣ ሚጥሚጣ የነሰነሱብኝ መሰለኝ። ማከክ አልችል፣ ዝም ማለት አልችል። ፈረንጁ ምን ሆንክ ይለኛል። ልጅቷ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣ «አይዞዎት ጋሼ፣ መድኃኒቱ ነው። ቶሎ ሲገፉት እንዲህ ያደርጋል፣ አሁን ይለቅዎታል» አለችኝ። እውነትም ደቂቃ ሳይሞላ ለቀቀኝ። ለዚህ ሲባል ብዙዎቹ እንቅልፍ ከወሰደህ በኋላ ነው የሚሰጡት። የሚያስፈርሙህ ወረቀት አያልቅባቸውም፣ ይህቺን ግን የሚነግርህ የለም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ላይ የእናቷን ዓይን እሸሻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ውጣ ተባልኩ። ብቻህን በታክሲ አይሆንም፣ የሚወስድህ ሰው ይምጣ አሉ። የመጣልኝ ልጅ ራሱ የኡበር ሹፌር ነው። አፑን አጥፍቶ ስለመጣ «ዘመድ» ተብሎ ፈረመ።

ሌሊቱን ዓይኔ ፈጦ አደረ፤ ስቴሮይዱ እንቅልፍ ይነሳል። ጠያቂ ደግሞ ዶሮ ወጥ ይዞ ጎረፈ፣ ሊያጽናና መጥቶ ያስቀኛል። ትራስ ሆዴ ላይ ተጭኜ ነበር የምስቀው። መድኃኒቱ ከሰውነቴ ሲወጣ ሕመሙ ተመልሶ መጣ፣ እሱን በታይሌኖል፣ በእናንተው ፓራሲታሞል፣ ገፋሁት። ስኳር ያለባችሁ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ይህ መድኃኒት ስኳር ከፍ ያደርጋል።

ዲቪ የደረሳችሁ ልጆች፣ ብሽሽታችሁ ላይ እብጠት ካለ እዚያው ታክማችሁ ኑ። እዚህ የሚጠብቃችሁ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማንሳት ነው። ብትታመም የፌዴራሉ ሕግ የሚሰጥህ ፈቃድ እስከ 12 ሳምንት ነው፤ ያውም ያለ ደሞዝ፣ ያውም ትልቅ ድርጅት ውስጥ ዓመት ከሠራህ። ይህን ለወንድሜ ስነግረው «12 ሳምንት ዕረፍት? ታድለህ!» አለኝ። በዚያው ስልክ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ አስታወሰኝ።