ዊንዘር፣ ልዑል ዓለማየሁ ዘንድ

ዛሬ ከፒያሳ ወደ ቸርችል ስወርድ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆም አልኩ። የሴባስቶፖል መድፍን ቅርጽ እያየሁ ነው ያደግኩት። ዛሬ ግን ከእንግሊዝ መልስ ስለነበርኩ አልፌው መሄድ አቃተኝ።

ለንደንን አየን፤ ታወር ብሪጅ፣ ዌስትሚኒስተር፣ ፎቶ፣ በቃ። ልቤ የቀረው ዊንዘር ነው። በባቡር ከከተማው ሲወጣ መስኩ አረንጓዴ ብቻ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ወደ ፓርኩ የሚወስደው ጎዳና ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፤ ራቅ ብሎ አጋዘኖች ይግጣሉ። እንዴት ያምራል!

የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ስገባ ግን ውበቱ ሁሉ ጠፋብኝ። ንግሥት ቪክቶሪያ ያሠራችው የናስ ሰሌዳ ላይ የልዑል ዓለማየሁ ስም አለ፤ ከማቴዎስ ወንጌል «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚለው ቃል ተጽፎበታል። እንግዳ? በ1860 ዓ.ም. አባቱ አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ሲወስደው የ7 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ገና መንገድ ላይ ሳሉ ሞቱበት። እሱም ህዳር 1872 ሊድስ ውስጥ በ18 ዓመቱ አረፈ። እጄን ሰሌዳው አጠገብ አድርጌ አለቀስኩ፤ ማን እንደሚያየኝ ግድ አልነበረኝም።

በ2015 ዓ.ም. እዚሁ ዊንዘር ያረፈው አጽሙ እንዲመለስ ሲጠየቅ፣ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሌሎችን ማረፊያ ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ። እኔ አልቀበለውም። ልጁ ወደ አገሩ ይመለስ።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ እሁድ ጸሎት ቤቱ ለጎብኚ ዝግ ነው። በሌላ ቀን ሂዱ፣ ስሙንም በአማርኛ ጥሩለት።